ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓትና እውነተኛው የመንገድ ሰዓት

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ከረማችሁ?

ከደሴ፣ ከሐይቅ፣ ከኩታበር እየመጣችሁ የዋሽንግተን ትኬት የምትቆርጡ ሁሉ አንድ ነገር ትጠይቁናላችሁ። «ማታ ተነስቶ ጠዋት ይገባል፣ በቃ አንድ ሌሊት ነው?» አይደለም፣ ከዚያ ይረዝማል።

ትኬት ላይ የሚጻፈው የየአገሩ ሰዓት ነው። ለምሳሌ መነሻው 22:30፣ መድረሻው በማግስቱ 08:00 ቢል ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይመስላል። ግን እዚያ ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን እኛ ጋ ከሰዓት 9 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ መንገዱ አሥራ ስድስት ሰዓት ተኩል ፈጀ ማለት ነው። ልዩነቱ በክረምታችን 7 ሰዓት ነው፣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ግን አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ 8 ይሆናል።

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲመለሱ ያለ ማረፊያ በ13 ሰዓት አካባቢ ይገባል፣ ሲሄዱ ግን አውሮፕላኑ መሃል ላይ ነዳጅ ሊቀዳ ያርፋል። ምክንያቱ ቦሌ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ አውሮፕላኑ ሰውና ሻንጣ ሞልቶ ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ ለመነሳት ይከብደዋል፤ በዚያ ላይ ነፋሱ ከምዕራብ ስለሚመጣ ሲሄዱ ፊት ለፊት ይገፋል፣ ሲመለሱ ደግሞ ከኋላ ያግዛል። እናቶቻችንን የምትልኩ ይህን ቀድማችሁ ንገሯቸው፦ መሃል ላይ ሲያርፍ ደረስን ብለው ሻንጣ እንዳያወርዱ። ብዙ ጊዜ ተሳፋሪው ከወንበሩ ሳይነሳ ነው ነዳጅ የሚቀዳው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ግን ቀኑ ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ቀን የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ትኬታችሁ «ማክሰኞ 01:30» ካለ፣ ሰኞ ማታ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 7:30 ማለት ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣ ይዞ ቦሌ የሚሄድ ሰው በረራው ካለፈ ሙሉ ቀን ሆኖታል። ወደ ጅዳ የምትሄዱ ልጆችም ይህን ልብ በሉ፤ መንገዱ ሁለት ሰዓት ገደማ ቢሆንም ሌሊት የሚነሳ በረራ ከሆነ ነገሩ ያው ነው።

ደግሞ ከደሴ አዲስ አበባ በመኪና 400 ኪሎ ሜትር ነው። እባካችሁ በበረራው ቀን ጠዋት አትነሱ፣ ከቻላችሁ አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡና እደሩ። ከኮምቦልቻ የምትበሩም ብትሆኑ በሁለቱ በረራዎች መካከል ሰፋ ያለ ጊዜ ይኑራችሁ።

ከሌላ ቦታ የቆረጣችሁትም ብትሆኑ ትኬታችሁን ይዛችሁ ብቅ በሉ። ቀኑንና ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር በወረቀት ላይ እንጽፍላችኋለን፣ ክፍያ የለውም። ለሚቀበላችሁ ሰው የምትልኩትንም በዋሽንግተን ሰዓት ለይተን እንጽፋለን።

አብሽሩ፣ መልካም መንገድ።

ደሴ ትኬት ቢሯችን