ከቤት ሳልወጣ ስለ መታመሜ ለልጄ የጻፍኩት

አዲስ አበባ
ግንቦት 14 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ፦

እንደምን ሰንብተሻል? ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው «ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነኝ» ብሎ መጀመሩ የቆየ ወግ ቢሆንም፣ መታመሜን አስቀድመሽ ስለሰማሽ በዚህኛው ደብዳቤ ወጉን ማድረስ አልሆነልኝም። ትናንት በስልክ «አባዬ፣ ኮሮናን ፈርተህ ሁለት ወር ሙሉ ከበር ሳትወጣ እንዴት ትታመማለህ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ መልሴን ሳትሰሚ አለቀስሽ፤ ለቅሶሽ ሳያባራም የወንድምሽን ስም አነሣሽ። እኔ ደግሞ በስልክ የሰው ለቅሶ ስሰማ የምናገረው ይጠፋኛል። ስለዚህ ልነግርሽ የሚገባኝን በወረቀት አስፍሬዋለሁ፤ እናትሽ ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ትልክልሻለች። ወንድምሽ ባያየው እመርጣለሁ።

በቅድሚያ የሚሰማኝን እንዳለ ልንገርሽ። ዕድሜዬን በላቦራቶሪ ሥራ የጨረስኩ ሰው በመሆኔ «አሞኛል» የሚለው ቃል ብቻውን ለማንም ምንም እንደማይነግር አውቃለሁ። ሕመሙ የጀመረኝ ሰኞ ማታ ነው። ጉሮሮዬን ይከረክረኛል፣ ግንባሬን ወጥሮ ይይዘኛል፣ ጉልበቴ ይዝላል፣ ሲመሽ ደግሞ ሰውነቴ ይሞቃል። ትናንት ምሽት በብብቴ የያዝኩት ቴርሞሜትር 37.6 አሳይቷል፤ በእኔ ዕድሜ ችላ የሚባል ባይሆንም የሚያስደነግጥ ትኩሳት አይደለም። ትንፋሼን የምትቆጥረው እናትሽ ናት። ሰው ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ ሳይታወቀው ስለሚያፈጥነው ወይም ስለሚይዘው፣ እኔ ጋዜጣ ሳነብ እሷ በሩ ላይ ቆማ ሰዓቷን እያየች ደረቴን ትመለከታለች። በደቂቃ ከ18 አላለፈም፤ ጤነኛ አዋቂ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳልና በዚህ በኩል ተረጋጊ። የዚህ በሽታ አንዱ ምልክት ሽታና ጣዕም መጥፋት መሆኑን ከሰማች ወዲህም ጠዋት ጠዋት የጤና አዳም ቅጠል በሳህን አድርጋ ትልክልኛለች፤ እስካሁን ጥርት አድርጌ አሸትተዋለሁ።

የሌሊቱን ነገርም አልደብቅሽም። ደረቴን ይጫነኛል። አየር ያጠረኝ እየመሰለኝ ደጋግሜ በረጅሙ ስተነፍስ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፣ ከንፈሬ ዙሪያ ይነዝረኛል። ይህ ከልክ በላይ በመተንፈስ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀንስ የሚመጣ እንጂ ሳንባ መጎዳቱን የሚያሳይ አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ማወቄ ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብዙም አልጠቀመኝም። ልብ ብዬ ስከታተለው፣ የሚብስብኝ የጤና ሚኒስትሯ ዶክተር ሊያ ታደሰ በየዕለቱ የሚያወጡትን የተመረመሩና የተያዙ ሰዎች ቁጥር በዜና ሰምቼ በተኛሁበት ሌሊት ነው። እናትሽ ከበሩ ወዲያ ወንበር ስባ ስለ ልጅነታችሁ ስታጫውተኝ ደግሞ ይለቀኛል። የሳንባ ምች በወሬ ሲለቅ አላየሁም። ስለዚህ የዜና ሰዓት ሲደርስ ሬዲዮውን ማጥፋት ጀምረናል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው ታማሚ፣ ከቡርኪና ፋሶ የመጣው ጃፓናዊ፣ መገኘቱ ከተነገረ ወዲህ በእርግጥ ከግቢ አልወጣሁም። ፋሲካን እንኳ ያለ ቅዳሴ በቴሌቪዥን አሳልፈናል፤ ይህ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ልብስ የምታጥብልን ልጅ ደመወዟ ሳይቋረጥ ቤቷ እንድትቀመጥ አድርገናል። እናትሽማ ከመንግሥት አዋጅ የከረረ የራሷን አዋጅ አውጥታ፣ ከውጭ የገባውን ሁሉ በሳሙና ታጥባለች፤ ወንድምሽ የሚሰጣትን መቶ ብር ሳይቀር በሳሙና ውኃ ዘፍዝፋ በልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ ስትሰቅል አይቻለሁ። ብሔራዊ ባንክ ይህን ቢያይ ምን እንደሚል አላውቅም።

ይሁንና ልጄ፣ የአዲስ አበባን ቤት ረስተሽዋል። እዚያ ሜሪላንድ ዕቃው ደጃፍ ላይ ተቀምጦልሽ፣ ያመጣው ሰው ከሄደ በኋላ ታነሺዋለሽ። የእኛ ቤት በሩ ቢዘጋም ወንፊት ነው። ጤፍ ወፍጮ ቤት ካልሄደ እንጀራ የለም። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሲቋረጥ ጀሪካን ከጎረቤት ቧንቧ ይሞላል። ቆሻሻ የሚሰበስቡት የማኅበር ልጆች በር ያንኳኳሉ፤ ቆጣሪ የሚያነበውም ይገባል። አሁን ረመዳን ስለሆነ የሐጂ ቤት ሳምቡሳ እንደ ዓመት ልማዱ ይመጣል፤ ልዩነቱ ዘንድሮ ልጃቸው ሳህኑን አጥሩ ላይ አስቀምጣ፣ ከሩቅ ጮኻ ተናግራ መሄዷ ነው። እናትሽ ሳህኑን ለማንሣት ወጥታ ከልጅቷ ጋር የእናቷን የስኳር ሕመም አንሥታ አላወራችም ብዬ ልምልልሽ አልችልም። በሽታው በዋነኛነት የሚተላለፈው በትንፋሽ፣ በንግግርና በሳል በመሆኑ፣ ብሩን ከማጠብ ይልቅ ያቺ የአጥር ላይ ወግ ታሳስባለች፤ ነገር ግን እሷንም ከቀማኋት ለእናትሽ ምን እተውላታለሁ?

በር መዝጋት የመያዝን ዕድል በጣም ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። አያቶቻችን ያዩት የኅዳር በሽታ በ1911 ዓ.ም. ከተማዋን ሲያጠቃ፣ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ዘበኛና አጥር ሳይከለክልላቸው ታመው ከሞት ተርፈዋል። እኔ ብያዝ፣ ከእነማን እጅ እንደደረሰኝ ማንም በእርግጠኝነት ሊነግረኝ አይችልም፤ ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ከ2 እስከ 14 ቀን ስለሚወስድ፣ ብዙ ሰውም ምንም ሳይሰማው ስለሚያስተላልፍ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ጥፋተኛ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ወንድምሽን በተመለከተ ያላወቅሽው ነገር አለ። ባንክ ተዘግቶ አያውቅም፤ እሱም ገንዘብ ከፋይ ነው፤ ከመስኮቱ ወዲያ ቀኑን ሙሉ ሰው ይሰለፋል። ሥራውን ይተው እንዳትይኝ፣ የጡረታዬን መጠን ታውቂያለሽ፤ የአንቺም ሥራ በዚህ ወረርሽኝ ምክንያት በግማሽ መቀነሱን አንቺው ነግረሽናል። ከመጋቢት ጀምሮ የሚያድረው ሰርቪስ ቤት ነው። ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ በጓሮ ቧንቧ ታጥቦ፣ ምግቡን ብቻውን ይበላል። ታክሲዎች ግማሽ ሰው ብቻ እንዲጭኑ ከተደረገና ታሪፉ እጥፍ ከሆነ ወዲህ ደግሞ ጠዋት በእግሩ ይሄዳል። ከእኔ ጋር የሚነጋገረው በመስኮት በኩል ሲሆን፣ ማክሰኞ እንዳመመኝ ሲሰማ መስኮቱ ሥር ብዙ ቆመ፤ ምንም አልተናገረም። ያን ቀን ያሰበውን አንቺ ትናንት በስልክ ጮክ ብለሽ ተናገርሽው፤ ስልኩም በድምፅ ማጉያ ላይ ነበር።

ደግሞስ የታመመ ሁሉ በዚህ በሽታ ታመመ የሚል ሕግ የለም። እናትሽ ወለሉን ጠዋትና ማታ በበረኪና ታብሳለች፤ መስኮቱ ደግሞ ብርድ ይገባል ተብሎ ተዘግቷል። የበረኪና ትነት ጉሮሮን ይከረክራል፣ ደረትን ያፍናል፣ ዓይንን ያቃጥላል። በላዩ ላይ ባሕር ዛፍና ዳማከሴ አፍልታ ብርድ ልብስ ተከናንቤ እንድታጠን አድርጋኛለች፤ ዝንጅብሉና ነጭ ሽንኩርቱ ጨጓራዬን ሲያቃጥለው ሰንብቷል። የደም ግፊት ክትትል ቀጠሮዬም ሆስፒታል መሄድ ስለተፈራ አልፏል፤ መድኃኒቱን ግን ወንድምሽ ከፋርማሲ ስለሚያመጣልኝ አላቋረጥኩም። ቀኑን ሙሉ በአንድ ክፍል ተቀምጦ፣ ፀሐይ ሳያይ፣ ሳይንቀሳቀስ፣ እንቅልፉ ተዛብቶ የከረመ ሽማግሌ ራስ ምታትና ድካም ቢሰማው አይገርምም። በበረኪናው ጉዳይ ከእናትሽ ጋር ተከራክረን መስኮቱ እንዲከፈት ተስማምተናል። በረኪናውን ከኮምጣጤ ጋር እንዳትቀላቅል ደግሞ አስጠንቅቄያታለሁ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው፤ አንቺም ዘንድ ይህ ልማድ ካለ ተይው።

አንድ ጎረቤት የሰፈር ክሊኒክ ሄጄ ደም እንድሰጥ መክሮኝ ነበር። ሄጄ ቢሆን መልሱን ሳልመረመር ልጽፍልሽ እችል ነበር፤ «ታይፎይድና ታይፈስ» ነው። በዚህ አገር ትኩሳት የያዘው ሰው ሁሉ እነዚህን ሁለት ስሞች ተሸክሞ፣ የአንቲባዮቲክ ወረቀት ይዞ ይመለሳል። ለታይፎይድ የሚደረገው የዊዳል ምርመራ የሚያየው ጀርሙን ራሱን ሳይሆን፣ ሰውነት ጀርሙን ለመከላከል የሚያመነጨውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ከዓመታት በፊት የታመመም፣ የተከተበም፣ ሌላ ሕመም የያዘውም አዎንታዊ ሊያሳይ ይችላል። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ይህን ለሐኪሞች ስናገር ኖሬ ሰሚ ሳላገኝ ጡረታ ወጣሁ፤ ስለዚህ አልሄድኩም።

ያደረግኩት ኮሮና የተጠረጠረ ሰው ወደሚደውልበት የስልክ መስመር፣ ወደ 8335፣ መደወል ነው። እውነቱን ለመናገር እናትሽ አልፈለገችም። የፈራችው በሽታውን ብቻ ሳይሆን አምቡላንሱን ነው፤ ነጭ ልብስ ለብሰው የሚወርዱት ሰዎች፣ ከየበሩ የሚወጣው አንገት፣ ከዚያ በኋላ ማንም ደጃችንን ሳይረግጥ የሚያልፈው ጊዜ። ፍርሃቷ መሠረት የለውም አልልም፤ የተያዘ ሰው ቀላል ምልክት ቢኖረውም ወደ ማዕከል ይወሰዳል፣ የቤቱ ሰውም ወደ ለይቶ ማቆያ ይገባል። እኔ ግን ቤት ውስጥ ተደብቆ መቆየት ለወንድምሽና ከመስኮቱ ወዲያ ለሚሰለፈው ሕዝብ ትክክል መስሎ አልታየኝም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መጡ።

ናሙና የወሰደልኝ የአንቺ እኩያ የሚሆን ወጣት ነው። መነጽሩ በትንፋሹ ጉም ለብሶበት፣ ፊቱን የሸፈነውን ፕላስቲክ በክርኑ እየገፋ ሲሠራ ተመለከትኩት፤ ጥጥ ያለበትን ዘንግ ወደ አፍንጫዬ ከመስደዱ በፊት ቱቦው ላይ ስሜንና ሰዓቱን ጻፈ። ስንቱ ነው ናሙና ወስዶ በኋላ የማን እንደሆነ የሚጠይቀው! ዘንጉ ጥልቅ ገብቶ ሲዞር እንባዬ ወረደ፣ አስነጠሰኝም፤ ሕመም ግን አይባልም። ቱቦውን በረዶ ባለበት ሳጥን አስገብቶ፣ በተለየ ክፍል እንድቆይ ነግሮኝ ሄደ። በጥር ወር የተጠርጣሪዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ እንደነበር ሳስታውስ፣ ዛሬ እዚሁ ጉለሌ በኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት መመርመሩ በሙያዬ ያኮራኛል። ውጤቱ ገና አልደረሰኝም። «ነፃ ነህ» ቢባልም ወዲያው እልል እንዳትዪ፤ ናሙናው ቀድሞ ከተወሰደ ወይም በደንብ ካልተወሰደ ቫይረሱ እያለ ሊያመልጥ ስለሚችል፣ ምልክቱ ከባሰ ድጋሚ እጠይቃለሁ። «ተይዘሃል» ከተባልኩ ደግሞ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል እገባለሁ፤ ሻንጣዬን እናትሽ አዘጋጅታለች፤ ስልኬና ቻርጀሬ ከመድኃኒቴ ጋር ከላይ ተቀምጠዋል።

ትኬት እቆርጣለሁ ያልሽውን ተይው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እየበረረ ቢሆንም፣ ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ በራሱ ወጪ 14 ቀን በተመደበለት ሆቴል ይቀመጣል። ቦሌ ሆቴል ውስጥ ሆነሽ እኔ እዚህ፣ ያው እንደ አሁኑ በስልክ ልንነጋገር፣ ያን ያህል ገንዘብ ማውጣት አይገባም። እልክልሃለሁ ያልሽውን በጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ ግን መንገደኛ ከተገኘ አልጠላም፤ ለሰፈሩም ይሆናል።

ከዛሬ ጀምሮ ሁልጊዜ በእኛ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ደውዪ፤ በእናንተ ቀትር ካለፈ በኋላ ነው። ሌሊት አትደውዪ፤ ስልክ ሌሊት ሲጮህ እናትሽ ሳታነሣው በፊት መንቀጥቀጥ ትጀምራለች። የደከመኝ ቀን ማውራት ባልችል ትንፋሼንና ትኩሳቴን እሷ ትነግርሻለች፤ ትንፋሼ በደቂቃ ከ24 ካለፈ ወይም ተኝቼ ሳለሁ እንኳ ትንፋሽ ካጠረኝ አምቡላንስ እንድትጠራ ተስማምተናል።

ለወንድምሽ ደግሞ እሑድ ዕረፍቱ ስለሆነ ለብቻው ደውዪለት። የትናንቱን አንሥተሽ ይቅርታ መጠየቅ ካቃተሽ አታንሺው፤ እሱም አያነሣውም። ባለፈው ቅዳሜ የጀርመን ሊግ ያለ ተመልካች መጀመሩን ከእኔ መስኮት ሥር ሆኖ ሲተርክልኝ ነበርና ስለ እሱ ጠይቂው፤ ብዙ ያወራሻል።

አባትሽ