የእኛም ምግብ ቤቶች ሚዛን ያስቀምጡ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቺካጎ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ሄዶ መንከባከብ ነው። ከማግዛቸው ሰዎች አንዷ ፖላንዳዊት እናት ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ከእሳቸው ጋር እየሄድኩ አንድ የፖላንዶች ምግብ ቤት ለምጃለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚያ ቤት አሠራር ነው። በተለይ በውጭ አገር ሬስቶራንት የከፈቱ ወገኖቼ ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ቺካጎ ከፖላንድ ውጭ እጅግ ብዙ የፖላንድ ተወላጆች ከሚኖሩባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ሚልዋኪ ጎዳናን ይዛችሁ ወደ ሰሜን ምዕራብ ስትወጡ፣ በቅዱስ ሃያሲንት ባዚሊካ ዙሪያ ያለውን ሰፈር እነሱ ያትስኮቮ ይሉታል። ከልጆቹ ብዙዎቹ ወደ ከተማው ዳር ወጥተዋል። ከሽማግሌዎቹ ግን እዚያው የቀሩ አሉ። ምሳ ሰዓት ላይ ምግብ ቤቱ የሚሞላው በእነሱ ነው።

ቤቱ ሁለት ክፍል አለው። በአንዱ በኩል ጠረጴዛና ወንበር፣ በሌላው በኩል መሸጫ። መሸጫው ጋ ቁጥር ወስዳችሁ ተራ ትጠብቃላችሁ። ከባንኮኒው በላይ በጢስ የደረቀ ቋሊማ ተሰቅሏል። መስታወቱ ውስጥ አይብ፣ የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን፣ በጨው ውሃ የተዘፈዘፈ ኪያር፣ ዘይት ውስጥ የተኛ ሄሪንግ ዓሣ አለ። ፒየሮጊም አለ፤ ድንችና አይብ፣ ወይም ጎመንና እንጉዳይ በሊጥ ተጠቅልሎ የሚቀቀለው ማለት ነው። ሾርባው በትንሽ ዕቃ ተሞልቶ ተደርድሯል። እማማ ስድስት ፒየሮጊ፣ ሩብ ፓውንድ አይብ፣ አንድ ዕቃ ሾርባና ግማሽ ዳቦ ይገዛሉ። ሻጯ አትነጫነጭም። ለሠርግ የሚገዛ ሰው እንደምታስተናግድ አድርጋ ታስተናግዳቸዋለች። እኔን የማረከኝ ይሄ ነው።

ከዚያ እንቀመጣለን። እሳቸው ሁልጊዜ ዡሬክ ያዛሉ። ዡሬክ ራይ ከሚባለው እህል ዱቄት የሚሠራ ሾርባ ነው። ዱቄቱ በውሃ ተበጥብጦ ጥቂት ቀን ይቀመጥና ይኮመጥጣል፤ ልክ እንደ እንጀራችን እርሾ። ሽታው ገና ሳይቀርብ ይጣራል። ውስጡ የተቀቀለ እንቁላልና ነጭ ቋሊማ ይገባበታል። ቋሊማው የአሳማ ሥጋ ስለሆነ እኔ አልበላውም። የእኔ ምሳ ባርሽች የሚሉት የቀይ ሥር ሾርባና የድንች ቂጣ ነው። የድንች ቂጣው ድንች ተፈቅፍቆ በዘይት የሚጠበስ ነው፤ ዳር ዳሩ እስኪንኮሻኮሽ ድረስ። በላዩ ኮምጣጣ ክሬም ይደረግበታል።

እንደ እኔ አሳማ የማይበላ ሰው እንዳይሄድ አልልም፤ ጠይቆ ግን ይዘዝ። ከዳቦው ጋር የሚቀርበው ነጭ ቅባት ቅቤ ሊመስል ይችላል፣ ግን የአሳማ ስብ ነው፤ ስማሌትስ ይሉታል። ፒየሮጊው ላይ ከተጠበሰው ሽንኩርት ጋር ደቃቅ የአሳማ ጮማ ሊኖር ይችላል። ባርሽቹም በሥጋ መረቅ የተሠራ ሊሆን ይችላል። አስተናጋጆቹ ሲጠየቁ በደስታ ይነግራሉ።

ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ቤቱ ለእኛ በጣም ይመቻል። እኛ ጾመ ነቢያት ላይ ሆነን፣ እነሱ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 24 ማታ ለሚበሉት የገና ዋዜማ ራት ይዘጋጃሉ። ያ ራት በልማዳቸው ሥጋ የለበትም። ዓሣ፣ እንጉዳይ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር ነው፤ በብዙ ቤት 12 ዓይነት ይቀርባል። ላልተጠበቀ እንግዳም አንድ ቦታ ባዶውን ይተዋል። በእነዚያ ሳምንታት መሸጫው በዚህ ምግብ ይሞላል። ቅቤና እንቁላል እንዳለበት ብቻ መጠየቅ ነው።

እማማ በወጣትነታቸው ክራኮቭ ሲማሩ የሚበሉበትን ርካሽ ምግብ ቤት አሁንም ያነሳሉ። ባር ምሌችኒ ይባላል፤ የወተት ቤት ማለት ነው። የመጀመሪያው ዋርሶ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1896 ተከፈተ። በወተት፣ በእንቁላልና በዱቄት የሚሠራ ምግብ ነበር የሚሸጠው። ዛሬም የፖላንድ መንግሥት እንዲህ ያሉ ቤቶችን ይደጉማል፤ ጡረተኛውና ተማሪው እዚያ ይበላል። ብቻውን የሚበላ ሰው እዚያ አገር የሚሄድበት አለው ማለት ነው።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። ቺካጎ ብሮድዌይ ላይ ጥሩ ጥሩ የሐበሻ ሬስቶራንቶች አሉን፤ እኮራባቸዋለሁ። ግን እኔ የማውቃቸው ሁሉ የተሠሩት ተሰብስቦ ለሚበላ ሰው ነው። አንድ በያይነቱ ለአንድ አዛውንት ይበዛል፣ ዋጋውም ይከብዳል። ከአገር ቤት ልጆቻቸው ያመጧቸው እናቶችና አባቶች አሉ። ልጆቹ ሥራ ውለው ሲመሽ ይመጣሉ። እናትየው ጉልበቷ ከድቷት ሽሮ መሥራት አቅቷታል። ይህን በሥራዬ በዓይኔ አያለሁ። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራውም ልጅ እንደዚሁ ነው። እሱ የሚፈልገው አንድ ጭልፋ ምስርና ሁለት እንጀራ ነው።

አንድ የምግብ ቤት ባለቤት ይህን ሳነሳለት «ለአንድ ጭልፋ ሽሮ ማን ቆሞ ይመዝናል?» አለኝ። ድካሙ ይገባኛል፣ ግን አልስማማም። የፖላንዶቹ ወጥ ቤት አንድ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የሚቀርበውም መሸጫው ላይ የሚመዘነውም ከዚያው ድስት ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ወንበሮቹ ባዶ ሲሆኑ መሸጫው አይተኛም። ሾርባ ሊወስድ የመጣ ሰው ዳቦና ኪያር ይዞ ይወጣል። ዋሽንግተን አካባቢ ሐበሻ ሱቆች ውስጥ ይህን የሚመስል አሠራር አይቻለሁ፤ እንጀራው፣ ክትፎው፣ በርበሬው አንድ ጣሪያ ሥር ይሸጣል። ስለዚህ አይቻልም የሚባል ነገር አይደለም።

ለመጀመር አንድ የመስታወት ማቀዝቀዣና አንድ ሚዛን ይበቃል። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ አልጫ ክክ፣ ቋንጣ ፍርፍር በግማሽ ፓውንድ ይሸጥ። እንጀራ በነጠላ ይሸጥ። ዕቃው ላይ የጾም ወይም የፍስክ መሆኑና የተሠራበት ቀን ይጻፍ፤ ዓይን ለደከመበት ሰው ፊደሉ ትልቅ ይሁን። ጾመ ነቢያት ሳይገባ አንድ ቤት እንኳን ቢጀምረው እኔ የማውቃቸውን እናቶች ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከቺካጎ