ለጌታሁን፣ ስለ ቅዳሜ ሥራዬ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለጌታሁን፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ወይዘሮህስ፣ ልጆችህስ፣ ከሁሉም በላይ አባባ እንደምን አሉ? እኔ ከነቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ሳልጽፍልህ መቅረቴ ያሳፍረኛል። በመጨረሻው ደብዳቤህ «ቅዳሜ ቅዳሜ ስትፈለግ አትገኝም ይላሉ፤ ምን ትሠራለህ?» ብለህ የጠየቅኸኝ ትዝ ይልሃል? መልሱን ደጋግሜ ጀምሬ የተውኩት፣ የደብረ ማርቆስ ሰው ሆነህ «ጥይት እነግዳለሁ» የሚል ደብዳቤ ስታነብ ምን ልታስብ እንደምትችል ስለማውቅ ነው። አሁን ግን ነገሩን እንዳለ ልንገርህ።

እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ ሰዎች ቤት ሲለቁ ወይም የቤቱ ባለቤት ሲሞት፣ የማይፈለገውን ዕቃ ሁሉ ደጃፋቸው ላይ ዘርግተው በርካሽ ይሸጣሉ፤ ያርድ ሴል ይሉታል። ከማለዳው አንድ ሰዓት በፊት ያልደረሰ ሰው የሚያገኘው የተሸረፈ ስኒና አሮጌ የገና ዛፍ ነው። እኔም መጀመሪያ የምሄደው መፍቻና መዶሻ ለመግዛት ነበር። አንድ ቀን በአሥር ዶላር የገዛሁትን አረንጓዴ የወታደር ቆርቆሮ ሣጥን ቤት ወስጄ ስከፍተው፣ ከመፍቻዎቹ ሥር አራት ካርቶን ጥይት ተቀምጦ አገኘሁ። ሥራው የጀመረው እንግዲህ በዚህ ነው።

ሕጉን ሳላነብ አንዲት ፍሬ አልሸጥኩም፤ ስለዚህ አትስጋ። በዚህ አገር የፌዴራል ሕግ ጥይት የሚያመርትና ከውጭ የሚያስገባ ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ለሚሸጥ ግን እ.ኤ.አ. ከ1986 ወዲህ ፈቃድ አይጠየቅም። ዋናው ክልከላ ጥይት መያዝ ለማይፈቀድለት ሰው፣ ለምሳሌ በከባድ ወንጀል ለተፈረደበት፣ እያወቁ መሸጥ ነው። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ የመጣ የእኛ ሰውም፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ጥይት መያዝ አይችልም፤ ግሪን ካርድ ያለው ግን ይችላል። ይህን የማያውቁ ልጆች ስላሉ ነው ደጋግሜ የምነግራቸው። ከወንዙ ማዶ ያለችው ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ የተመዘገበ ጠመንጃ የሌለው ሰው ጥይት ይዞ ቢገኝ ትቀጣለች። ስለዚህ እሑድ ለቅዳሴ ወደ ዲሲ ከመሻገሬ በፊት ቅዳሜ የገዛሁትን ከመኪናዬ ሁሉንም አውርጄ፣ ከወንበሩ ሥር የተንከባለለች አንዲት ፍሬ እንዳትኖር በባትሪ እፈትሻለሁ። ባለቤቴ ይህን ስታይ «ከጾሙ ይልቅ ይህን አጥብቀህ ያዝክ» ትለኛለች።

ትርፉ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። እኔ ዋጋው በጥይቱ ብዛት የሚተመን ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሰብሳቢዎቹ የሚከፍሉት ለካርቶኑ ኖሯል። ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት የሟች ባላቸውን የምድር ቤት ዕቃ ሲሸጡ ደረስኩ። በመደርደሪያው ጥግ፣ ከቀለም ቆርቆሮዎች ጀርባ፣ የሚበር ዳክዬ የተሳለባቸው፣ ፒተርስ የሚባለው የጥይት አምራች ሦስት ካርቶኖች ተደርድረው ነበር። አንዱን ከፍቼ ሳይ ጥይቶቹ የአደን ጠመንጃ ጥይቶች ሲሆኑ፣ ገላቸው ከወረቀት የተሠራ፣ ሲነኩት እንደ ሻማ የሚያሟልጭ ነበር። የፕላስቲኩን ገላ የጠመንጃና የጥይት አምራቹ ሬሚንግተን ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1960 ስለሆነ፣ የወረቀት ገላ ያለው ካርቶን አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜው የገፋ ነው። ማዕዘኖቹ አልተቀደዱም፤ ቀለሙ አልደበዘዘም፤ ክዳኑ ላይ ያለው የሱቅ ዋጋ እንኳ በእርሳስ እንደተጻፈ ነው። ሴትዮዋ ለሁሉም ሃያ ዶላር አሉኝ፤ ከፈልኩ።

በወሩ ሻንቲሊ በሚደረገው የጠመንጃ ባዛር ላይ ሦስቱንም ለአንድ ሰብሳቢ በመቶ ሰማንያ ዶላር ሸጥኩ። ሰውዬው ጥይቶቹን ዞር ብሎም አላያቸውም፤ ዳክዬዎቹን ብቻ በጣቱ ጫፍ ሲዳስስ ቆየ። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ገበያ ነው፣ የጠየቁትን ከፍያለሁ ብዬ ራሴን ብሞግትም፣ የሴትዮዋ ፊት ከፊቴ አልጠፋ አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰማንያ ዶላር ይዤ ሄጄ ነገሩን ገልጬ ሰጠኋቸው። ገንዘቡን ከተቀበሉ በኋላ ስቀው፣ «አንተማ እንዲህ ከሆንክ ሌላም አለኝ» ብለው ከጓዳ አንድ የፕላስቲክ ከረጢት ሙሉ ልቅ ጥይት አምጥተው ሸለሙኝ። ሟች በገዛ እጃቸው ባሩድ እየሰፈሩ የሞሉት ነበር፤ ስንት እንደሰፈሩ የጻፉት ግን የለም። እንዲህ ያለ ጥይት ባሩዱ ከልክ በላይ ከሆነ የተኳሹን ጠመንጃ ከነእጁ ሊያፈነዳ ስለሚችል አልሸጠውም፣ ለማንም በነጻም አልሰጠውም። ከረጢቱን አመስግኜ ተቀበልኩና አስቀድሜ ደውዬ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወስጄ አስረከብኩ። ከሴትዮዋ ደግነት ያገኘሁት ትርፍ እንግዲህ ይህ ነው።

ስሕተት አልሠራሁም አልልህም። በመጀመሪያው ዓመት በቀለሃው ቂጥ ላይ ኤልሲ 43 የሚል የተመታበት የወታደር ጥይት አገኘሁ፤ ሚዙሪ ውስጥ ያለው የሌክ ሲቲ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1943 ያመረተው ማለት ነው። ናሱ የሚያበራ ስለነበር ደስ ብሎኝ ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ሸጥኩለት። የዚያን ዘመን ጥይት እሳት የምታስነሳዋ ትንሽ ክብ በውስጧ የያዘችው ቅመም ሲቃጠል ጨው ይተዋል፤ ጨው ደግሞ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። እኔ ይህን አላወቅሁም፣ እሱም ተኩሶ ሳይጠርግ አስቀመጠው፤ በሳምንቱ የአፈሙዙ ውስጥ በዝገት ተበልቶ አሳየኝ። የማጽጃውን ዋጋ ብከፍለውም ጠመንጃው እንደ ዱሮው አልሆነለትም፣ ሰላምታችንም እንደዚያው። ዛሬ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጥይት ስሸጥ፣ ተኩሱ ሲያበቃ የጠመንጃው አፈሙዝ ወዲያውኑ በሙቅ ውኃ ታጥቦ ዘይት መቀባት እንዳለበት በወረቀት ጽፌ ከካርቶኑ ውስጥ እከታለሁ።

አረንጓዴ ዝገት የበላውን፣ አንገቱ የተሰነጠቀውን ሁሉ እንዲሁ አልነካውም። ናስ የሚሰነጠቀው ሁልጊዜ በእርጅና አይደለም፤ እንግሊዞች ህንድ ውስጥ በክረምት ወራት ጥይታቸውን በፈረስ ጋጣ ሲያስቀምጡ ከሽንቱ የሚወጣው አሞኒያ ቀለሃውን እየሰነጠቀ ቢያስቸግራቸው፣ ምክንያቱ በጥናት የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው፤ መፍትሔውም ናሱን እንደገና ማሞቅ ነው። እዚህም ጥይቱን ከዶሮ ቤት ወይም ከፈረስ ጋጣ አጠገብ ያኖረ ሰው ሲሸጥ ካየሁ ካርቶኑ ቢያምርም እጄን እሰበስባለሁ። ቢጫ ገላ ያለው የአደን ጥይት ከሌላ ቀለም ጋር ተደባልቆ ካገኘሁም መጀመሪያ እለየዋለሁ። ባለ ሃያ መለኪያው፣ ማለትም ቀጭኑ ጥይት፣ ቢጫ የሆነው፣ ሳይታወቅ ሰፋ ባለው ባለ አሥራ ሁለቱ ጠመንጃ አፈሙዝ ውስጥ ገብቶ ከተሰነቀረና ሌላ ጥይት ከኋላው ከተጎረሰ መሣሪያውን ስለሚያፈነዳው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ሱቆች ባዶ ሆኑ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ሬሚንግተን ራሱ ለኪሳራ አመለከተ። ያን ጊዜ ምድር ቤቴ ውስጥ የነበረኝን የዘጠኝ ሚሊሜትር ጥይት በሦስት እጥፍ ልሸጥ እችል ነበር። አልሸጥኩም፤ ከደግነት የተነሣ ነው ብል ግን ውሸት ይሆናል። ካርቶኑ ተራ ስለነበር ዓይኔ አልገባም፣ ሳላስታውሰው ዋጋው ወረደ።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ወር በባዛሩ ላይ አንድ ሽማግሌ የነጠላ ጥይት ጠረጴዛ ዘርግተው ነበር። መካከላቸው አንዲት ወፍራም፣ አጭር አንገት ያላት፣ ናሷ የጠቆረ ጥይት ቆማ አየሁ። ምንድን ናት ብላቸው ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ያወጡት የግራስ ጠመንጃ ጥይት ናት አሉኝ። ጌታሁን፣ እኛ ውጅግራ የምንለው ጠመንጃ ጥይት ናት እኮ! አያቴ ጥይት በገበያ እንደ ገንዘብ ይቆጠር እንደነበር፣ ሰው ሳይተኩስ ይዞት ውሎ በአሞሌ ጨው ፋንታ ይመነዝረው እንደነበር ሲያወሩን በጭሱ ዙሪያ ተቀምጠን የሰማን ሁለታችን ነን። በአሥራ አምስት ዶላር ገዛኋት፤ እሷን አልሸጣትም። በመስኮቴ ጠርዝ ላይ ቆማለች።

አባባ አእምሯቸው ገና ንጹሕ እንደሆነ ጽፈህልኝ ነበር። እባክህ ቁጭ ብለህ ጠይቅልኝ፦ ከአባታቸው እንደሰሙት በእናንተ ቀዬ አንድ የውጅግራ ጥይት ስንት አሞሌ ይመነዘር ነበር? ቀለሃውስ ከተተኮሰ በኋላ ዋጋ ነበረው ወይስ ይጣል ነበር? የሚሉትን በእሳቸው አነጋገር ጻፍልኝ፤ እኔም ከእንግዲህ ሦስት ዓመት አላስጠብቅህም።

ወንድምህ ደምሴ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ