ከሴናተሩ ወርቅ ይልቅ ደብዳቤው ያሳስበኛል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የቀድሞው የአሜሪካ ሴናተር ቦብ ሜኔንዴዝ ጉቦ ተቀብለው ለግብፅ ጥቅም በመሥራታቸው እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የ11 ዓመት እስራት ሲፈረድባቸው፣ እዚህ ሜሪላንድ ያለን ኢትዮጵያውያን ደስታችንን አልደበቅንም። «የግብፅ ወርቅ የት እንዳደረሳቸው አያችሁ!» እየተባባልን ከረምን። ፍርዱ ይገባቸዋል። ወሬያችን ግን ወርቁ ላይ ቆሞ ቀረ።

ሰውየው የሴኔቱ የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ ሊቀመንበር ነበሩ። አሜሪካ ለግብፅ በየዓመቱ የምትሰጠውን 1.3 ቢሊዮን ዶላር ወታደራዊ እርዳታና የጦር መሣሪያ ሽያጩን የማዘግየት ጉልበት ያለው ወንበር ነው። ቤታቸው ሲፈተሽ ከ480,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብና ጥፍጥፍ ወርቅ ተገኘ። እኔን የሚከነክነኝ በክሱ ላይ የተጠቀሰ አንድ ደብዳቤ ነው። በሚያዝያ 2020 ሴናተሩ ለገንዘብ ሚኒስትሩና ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ስለ ሕዳሴ ግድብ ጽፈዋል፤ ድርድሩ መቆሙ አሳስቦኛል፣ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ይበልጥ ይግባበት ይላሉ። ከዚህ ውስጥ ምኑ ያስቆጣል? እኛው ራሳችን ብናነበው «ደግ አሰቡ» ባልን ነበር። ከጀርባው ማን እንዳለ ያወቅነው መርማሪዎች ስልክ ስለበረበሩ እንጂ ከጽሑፉ አይደለም።

ያው ጉትጎታ በውል ሲፈጸም ደግሞ ሕጋዊ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ያለው የአሜሪካ ሕግ የውጭ መንግሥታትን ወኪሎች ተመዝገቡ ይላል እንጂ አትሥሩ አይልም። የእኛም መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2017 ዋሽንግተን ውስጥ ለአንድ የሎቢ (ባለሥልጣናትን የማግባባት ሥራ) ድርጅት በወር 150,000 ዶላር የሚከፍልበት ውል ነበረው። አገር ቤት በ2016 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ገና ሳይነሳ! ካይሮ ስትከፍል ሴራ፣ አዲስ አበባ ስትከፍል ዲፕሎማሲ ልንለው አንችልም።

ተራማጅ ከሚባሉት ፖለቲከኞች ብዙ የማልስማማበት ነገር አለ፤ ስለ አፍሪካ ቀንድ አብዛኞቹ የሚያውቁት ጥቂት ነው። በዚህ ግን ልክ ናቸው። ሴናተር ኤልዛቤት ዋረን እ.ኤ.አ. በ2018 ያቀረቡት የፀረ ሙስና ረቂቅ ሕግ ለውጭ መንግሥት ተከፍሎ ሎቢ ማድረግን ጨርሶ ይከለክል ነበር። ሳይጸድቅ ቀረ። የራሳቸው የዋረን ፓርቲ፣ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ደግሞ፣ ቀደም ሲል በሌላ የሙስና ክስ ቀርበው ከዜጎች የተመረጡት የጁሪ አባላት በፍርዱ ሳይስማሙ የቀሩባቸውን ሜኔንዴዝን በ2021 እንደገና ሊቀመንበር አደረጋቸው።

እጩዎች ድምፃችንን ፈልገው ወደ አዳራሾቻችን ሲመጡ የምንጠይቃቸው ስለ ግድቡ ብቻ ነው። ይህን ክልከላ በፊርማቸው ይደግፉ እንደሆነም እንጠይቃቸው፤ አዲስ አበባንም እንደሚነካ እያወቅን።

አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ