ጉዳዩ፦ «የእንግሊዝ ቪዛ ካላቸው አልቋል» ተብሎ ስለተሸጠልኝ ትኬት

ለትኬት ቢሮው ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ።

የትኬቱ ቁጥርም፣ የከፈልኩበት ደረሰኝም እናንተ ጋ አለ። ሦስት ጊዜ «ኮፒ አምጪ» ተብዬ ሦስቴም አምጥቻለሁ። ስለዚህ ከሀ አልጀምርም። እናቴ በፍራንክፈርት በኩል በርሚንግሃም ትሂድበት ብዬ ከእናንተ በገዛሁት ትኬት ሳትሳፈር ከቦሌ ተመልሳለች። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ማክሰኞ ዕለት እርስዎ የተናገሩት ነገር ነው።

«እናትሽ ቦሌ ላይ ትንሽ ቢከራከሩ ኖሮ ያሳልፏቸው ነበር» አሉኝ። ቆሜ ነው ያሉኝ፤ ወንበር እንኳ አልጋበዙኝም። «አንቺ» ማለትዎን ልተወው። ግን እናቴ ከማን ጋር ነው የምትከራከረው?

ያን ምሽት ከ4 ሰዓት በፊት ደርሰናል። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በርበሬና ሽሮዋን 23 ኪሎ ላይ ልክ አስመዝና ቆማለች። የካውንተሯ ልጅ ፓስፖርቱን አገላበጠች፣ ኮምፒውተሯን አየች፣ ደግማ አየች። ከዚያ «እማማ፣ ለፍራንክፈርት የትራንዚት ቪዛ የለዎትም» አለች። እናቴ «እኔ ጀርመን አልወርድ፣ ባልፍ ምን ይጎዳቸዋል?» አለቻት። ልጅቷም አዘነች። ግን ምን ታድርግ? ወረቀት ያልተሟላለት ሰው ይዞ የሄደ አየር መንገድ በአንድ ሰው በሺዎች የሚቆጠር ዩሮ ይቀጣል፣ ሰውየውንም በራሱ ወጪ ይመልሳል። የጀርመን ድንበር ቦሌ ካውንተር ላይ ነው የሚጀምረው። 34 ዓመት ያስተማረች ሴት መከራከር አቅቷት አይደለም የተመለሰችው።

ደግሞ ነገሩ ምስጢር አይደለም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው እንደ ጀርመን ባለ የሸንገን አገር ኤርፖርት አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ፣ ከበሩ ባይወጣም፣ ኤ ቪዛ የሚሉትን የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። የአውሮፓ ኅብረት የቪዛ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲወጣ ነው 12 አገሮች የተዘረዘሩት። እኛም፣ ኤርትራም፣ ሶማሊያም አለንበት። የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የጃፓን ቪዛ ያለው ያለዚህ ቪዛ ያልፋል። የእንግሊዝ ቪዛም ድሮ ያሳልፍ ነበር። እንግሊዝ ከኅብረቱ ወጥታ የሽግግሩ ጊዜ በ2020 መጨረሻ ሲያልቅ ግን ቀረ። ሠራተኛችሁ የነገረኝ የድሮውን ነው። እኔ ይህን ያወቅኩት ከቦሌ ከተመለስን በኋላ ነው፤ እናንተ ግን እንጀራችሁ ነው።

«ቪዛ ማጣራት የተሳፋሪው ኃላፊነት ነው» ብለውኛል። ይሁን። እኔም አጣርቻለሁ፤ እናንተን ጠይቄ። ያውም ሁለት ጊዜ። ሠራተኛችሁ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል «የእንግሊዝ ቪዛ አላቸው አይደል? በቃ፣ አልቋል» አለኝ። ቀጥታ ለንደን የሚሄደውን ልግዛ ስል «ምን አስጨነቀሽ፣ በፍራንክፈርት በርሚንግሃም ድረስ ያደርሳቸዋል፣ ዋጋውም ይረክሳል» ያለውም እሱ ነው። እርስዎ ደግሞ «እኛ የምንሸጠው ትኬት ነው፣ ቪዛ አያገባንም» አሉኝ። ስወጣ መስታወታችሁን አነበብኩት። በትልቁ «የቪዛ ማማከር» ይላል።

እናቴ ልትደርስላት የነበረችው የወንድሜ ልጅ 80 ቀኗ ደርሶ ክርስትና ተነሳች። አያቷ በስልክ አየች። ይህን በብር አስቡልኝ አልልም።

ብሩን ግን አስቡት። «ማክሰኞ እስከ 6 ሰዓት ገንዘብሽ ይመለሳል» ተብዬ ነበር፤ ማክሰኞ ያገኘሁት ከላይ የጻፍኩትን ስድብ ነው። የትኬቱን ሙሉ ዋጋ እፈልጋለሁ። «ሳትሳፈሪ ቀርተሻል» ተብሎ የሚቆረጥ ቅጣት አልቀበልም። ደረሰኝ ያልሰጣችሁኝን የአገልግሎት ክፍያም ጨምሩ። የእናቴ ስም አንድ ፊደል ተሳስቶ ሲወጣ፣ ስህተቱ የእናንተ ሆኖ ሳለ፣ «ለማስተካከያ» ያስከፈላችሁኝንም። ይህን ስጀምር ገንዘቤን ብቻ ልጠይቅ ነበር። አሁን ግን እናቴን ስልክ ደውላችሁ ይቅርታ እንድትጠይቁም እፈልጋለሁ። እርስዎ ራስዎ ይደውሉ፣ ያ ልጅ አይደለም።

የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ በአክብሮትም የመስተናገድ መብት አለው ይላል። በ10 ቀን ውስጥ ካልመለሳችሁልኝ ይህንኑ ደብዳቤ ይዤ ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ። የመስታወታችሁንም ፎቶ አንስቻለሁ።

መልሱ በጽሑፍ ይሁን። ስልካችሁ «ይጠብቁ» ካለኝ በኋላ 20 ደቂቃ ዘፈን አስደምጦኛል፤ ዘፈኑንም ጠልቼዋለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የደንበኛችሁ ልጅና ከፋይ

ሌላ፦ «ለፋይል» ብላችሁ የወሰዳችኋቸውን የእናቴን ሁለት ጉርድ ፎቶዎች መልሱልኝ። ለትኬት ጉርድ ፎቶ ምን እንደሚሠራ እስካሁን አልገባኝም።