ለገማቾች፣ ከቀድሞ ገማች

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ክቡር አዘጋጅ፦

ሥራዬ የሰው ቤት መለካት ነበር። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ አባቴ የሸሚንደፈር ሰው ነበሩ። እኔ ግን ከሐዲዱ ይልቅ ግንባታ ስቦኝ ፎርማን ሆንኩ። በኋላም ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት፣ ለልማት የሚፈርሱ ቤቶችን ከሚገምቱ ባለሙያዎች ጋር ቀላቀለኝ። ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመት አልፎኛል። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ የታላቅ እህቴ ቤት ሲለካ የሜትሩን ጫፍ የያዝኩት እኔው ራሴ መሆኔ ነው።

መንገድ ሊሰፋ ቤቷ መስመር ውስጥ ገባ። ሊገምት የመጣው ልጅ ትሑት ነው፣ በዕድሜ ከልጄ ያንሳል። ባልደረባው ስልክ ሊያነሳ ወጣ ሲል ልጁ ዞር ዞር ብሎ የሚይዝለት አጣና «አባባ፣ ይቺን ጫፍ ይያዙልኝ» አለኝ። እንደ ልማዴ ግድግዳው ላይ አስጠግቼ ያዝኩለት። «ሰባት ከአርባ» ብሎ ሊጽፍ ሲል «ሰባት ከአርባ ሁለት ነው፣ ሜትሩን እስከ ጥጉ አድርሰው» አልኩት። እህቴ ደጃፉ ላይ ቆማ ታየናለች። በዚያች ሰዓት ሁለት ሴንቲ ሜትር ማስጨመሬ ለእሷ ትልቅ ውለታ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ቅጹን ሞላ። ግድግዳ፣ ጭቃ ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ። ወለል፣ ሊሾ። ጣሪያ፣ ቆርቆሮ። ሰርቪስ፣ ሁለት ክፍል። ሽንት ቤት አንድ፣ ቆጣሪ አንድ፣ አጥር በሜትር። ዘይቱን አንድ፣ ሎሚ ሁለት። ስህተት የለበትም፤ እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የምጽፈው። ለዓመታትም ጽፌያለሁ። ነገር ግን እህቴ 22 ዓመት የኖረችው በቆርቆሮው አይደለም። ከበሯ ፊት ለፊት ትምህርት ቤት አለ። ጠዋት ሻይ፣ በእረፍት ሰዓት ሳምቡሳ፣ ረመዳን ሲገባ ደግሞ ማታ ማታ ለማፍጠሪያ የሚሆን ሳምቡሳ በትሪ ሙሉ ትጠብሳለች። እሷ ክርስቲያን፣ ደንበኞቿ ሙስሊሞች፤ ድሬ እንዲህ ናት። ሦስት ልጆቿን ያስተማረችው በዚያች ሁለት ሜትር በማትሞላ ደጃፍ ነው።

«ይህን የት ትጽፈዋለህ?» አልኩት ልጁን።

«ንግድ ፈቃድ አላቸው?»

የላትም። ምድጃና መጥበሻ ይዞ ደጁ ላይ የሚቀመጥ ሰው መቼ ንግድ ፈቃድ አውጥቶ ያውቃል! «እንግዲህ አባባ፣ ረድፍ የለውም» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም ስንቱን እናት «ረድፍ የለውም» ብያለሁ። ያን ቀን ግን ቃሉ ወደ ጆሮዬ ሲመጣ ሌላ ነገር ሆነብኝ።

ሕጉን በደንብ አውቀዋለሁ፣ እንጀራዬ ነበር። እኔ አብዛኛውን የሠራሁት በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ዘመን ነው። በዚያ ሕግ ከተማ ውስጥ ቤቱ ለፈረሰበት ባለይዞታ ከቤቱ ካሳ ሌላ ምትክ ቦታና የአንድ ዓመት የኪራይ ግምት ይሰጠዋል። የቤት ካሳው ደግሞ ቢያንስ ቢያንስ ዝቅተኛ ወጪ ያላትን አንዲት ክፍል ከሚያሠራው ገንዘብ እንዳያንስ ተደንግጎ ነበር። ስለ ጎረቤት፣ ስለ ዕድር፣ ስለ ደንበኛ አንድ ቃል አልነበረውም። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲወጣ እኔ ጡረታዬ ደርሶ ነበር፤ ሳነበው ግን፣ ወላሂ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። የኪራዩ ግምት ሁለት ዓመት ሆኗል። ካሳ ከተከፈለ በኋላ ቦታ ማስረከቢያው ከ90 ቀን ወደ 120 ከፍ ብሏል። ተነሺውን ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ሰብስቦ ማማከር በመርህ ደረጃ ተጽፏል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የኢኮኖሚ ጉዳት ካሳ፣ ለጥቆም «የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና የሥነ ልቦና ጉዳት ካሳ» የሚሉ ሐረጎች በአዋጅ ገብተው አየሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንዑስ አንቀጽ 2 መንግሥት በሚያካሂደው ፕሮግራም የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካ ሰው ተመጣጣኝ ካሳና በቂ የመዛወሪያ እርዳታ ያገኛል ካለ ስንት ዘመኑ! «ይዞታው የተነካ» ብቻ አይልም፤ «ኑሮው የተነካ» ይላል። የእህቴ ሳምቡሳ በዚህ ቃል ውስጥ አለ ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ እህቴ ቤት የተሞላው ቅጽ እኔ ድሮ ስሞላው የነበረው ነው። አርማው ተቀይሯል፣ ረድፉ አልተቀየረም። ከአዋጁ እስከ እህቴ ደጃፍ ያለው መንገድ በጣም ረጅም ነው፤ መሐል ላይ ደንብ አለ፣ መመሪያ አለ፣ መጨረሻ ላይ ቀን ሙሉ በፀሐይ ሲዞር የዋለ፣ አሥራ አራት ቤት ለክቶ ማስረከብ ያለበት አንድ ልጅ አለ። ልጁ የሚጽፈው ረድፍ ያለውን ነው።

አንድ ሽማግሌ ገበሬ ትዝ ይሉኛል። ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ የማሽላ እርሻ ነው፣ ዳርና ዳሩ ላይ ትንሽ ጫት አለው። ያኔ ገጠር ላይ ስሌቱ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ገቢ በአሥር ተባዝቶ ነበር። ድምሩን ስነግራቸው ብሩ በዛ አነሰ አላሉም። «ይህ ስንት ክረምት ነው?» አሉኝ። «አሥር» አልኳቸው። አጠገባቸው የቆመውን ልጅ በከዘራቸው አመለከቱና «ይህ ስድስት ዓመቱ ነው» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም፣ በጣታቸው ፈረሙ። እኔም በዚያው ሰሞን ረሳሁት። አሁን በአዲሱ ሕግ አሥራ አምስት ሆኗል፤ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ገቢ ስለሚያዝም ድምሩ ከፍ ይላል። ያ ልጅ ዛሬ ስድስት ዓመቱ ቢሆን፣ ብሩ የሚያልቀው 21 ዓመት ሲሞላው ነው ማለት ነው፤ መሬት የሚፈልግበት ዕድሜ። ለዚህ ነው አዋጁ ካሳ ከፍሎ ዝም አይልም የሚባለው፤ ተነሺዎች መልሰው የሚቋቋሙበትን ሥርዓት እንዘርጋ፣ ፈንድም ይኑር ይላል። ርዕሱ ላይ ሳይቀር «መልሰው የሚቋቋሙበት» የሚል ቃል አለበት። በእኔ ዘመን ይህ ሥራ የማንም አልነበረም። ብሩ ባንክ ይገባል፣ ባጃጅ ይገዛል፣ ባጃጁም የድሬን ፀሐይና ጉድጓድ ስንት ዓመት ይችላል?

ወደ እህቴ ልመለስ። ግምቱ የተሠራው ሚያዝያ ላይ ነው፣ ብሩ የገባው ጥቅምት። በመካከሉ ሲሚንቶም ብረትም ቆመው አልጠበቋትም። ምትክ ቦታ ደርሷታል፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ካርታም አላት። ቦታው ከከተማ ወጣ ያለ ሜዳ ላይ ነው፤ ዛፍ የለ፣ ጥላ የለ። ድሬ በግንቦት ምን እንደምትመስል ለማያውቅ አንባቢ እንዴት ልንገረው? ጥላ ማለት እዚህ ግማሽ ቤት ነው። ውሃ በቦቴ ይመጣል፣ ሲመጣ። የድሬ ውሃ ጨው ጨው ይላል እያልን ስናማርር የኖርን ሰዎች ጨዋማውን ናፈቅነው። እህቴ ሥራዋን አልተወችም። ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስታ ትጠብሳለች፣ በባጃጅ ይዛ ወደ ድሮ ሰፈሯ ትመጣለች፤ የባጃጁ ሒሳብ የትርፏን ግማሽ ይበላል። ተማሪዎቹ ደግሞ «እትዬ፣ ዛሬ ቀዝቅዟል» ይሏታል። ሳምቡሳ ሲቀዘቅዝ ምን እንደሆነ ይታወቃል።

ሁለቱ ሰርቪስ ክፍሎች ውስጥ ተከራዮች ነበሩ። አንዱ ቀን ሠራተኛ፣ ሌላዋ የልብስ ስፌት ማሽን ያላት የሱማሌ ልጅ፣ ከእህቴ ጋር ግቢውን አሥር ዓመት የተጋራች። የቀበሌ ቤት ተከራይ ቢሆኑ ሕጉ ምትክ ቤት የሚያገኙበትን መንገድ ያስብላቸዋል። የግለሰብ ግቢ ተከራይ ግን ሲነሳ እቃውን ጋሪ ላይ ጭኖ መሄድ ብቻ ነው። ልጅቷ ማሽኗን ይዛ የት እንደገባች እንኳ ለወራት አናውቅም ነበር። ስሟ በየትኛውም ወረቀት ላይ የለም፤ በልኬቱ ቀን ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ቀሚስ ትጠቅም ነበር፣ ልጁ ሜትሩን በእግሯ ላይ አሳልፎ ነው የዘረጋው።

ልማትን የምጠላ መስዬ እንዳልታይ እፈራለሁ። ይህች ከተማ ራሷ በ1902 እንደ ፈረንጆቹ፣ ባቡር ስለመጣ ብቻ የበቀለች ናት። መንገዱ እንዲሰፋ እኔም እፈልጋለሁ። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ሲበላ በማግስቱ አሸዋው ውስጥ ሬሳ ከሚፈልጉት አንዱ ነበርኩ። ከዚያ ወንዝ ዳር ሰው መነሳት አለበት ሲባል «ለምን?» ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ሰው የሚጠላው ከቤቱ መነሳትን ራሱን አይደለም፣ ምክንያቱን ካየ ይነሳል። የሚያስመርረው ተነስቶ የሚያርፍበት ሳይዘጋጅ መነሳቱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሲነገር ሰምቼ አላውቅምና ልናገር። ምትክ ቦታ በዕጣ ነው የሚደርሰው። ዕጣ ፍትሕ ነው፣ ሙስናን ይከላከላል፣ እኔም በዘመኔ ደግፌው ነበር። ግን ዕጣው የሚወጣው በነፍስ ወከፍ ስለሆነ አንድ ግቢና አንድ ሰፈር የኖረ ሰው እንደ ማሽላ ይበተናል። የእህቴ ዕድር ድንኳን ዛሬ አንዱ ጫፍ ላይ ነው፣ ብረቱ ሌላው ጫፍ፣ ወንበሩ ቀፊራ አካባቢ የቀሩ ሰዎች ጋ። ባለፈው ጥር ጎረቤት ሲሞት ድንኳኑ የደረሰው ቀብሩ ካለቀ በኋላ ነው። የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳ ማለት ብር ብቻ መሆን የለበትም። ሰዎቹ አምስት አምስት፣ አሥር አሥር ቤተሰብ ሆነው ይመዝገቡ፤ ዕጣው በቡድን ይውጣ፤ ጎን ለጎን ይረፉ። ይህ ከመንግሥት ካዝና ስንት ሳንቲም ያወጣል? ቦታው ያው ነው፣ ዕጣው ያው ነው።

ቅጹ ላይም አንድ ገጽ ይጨመር። «ከዚህ ቤት ማን ይኖራል፣ በምን ይኖራል» የሚል። ባለካርታውም፣ ተከራዩም፣ ደጃፉ ላይ የሚሸጠውም ይጻፍበት፤ ንግድ ፈቃድ ከሌለ ሦስት ጎረቤት ይመስክር። ከግምት እስከ ክፍያ ወራት ካለፉ ደግሞ ነጠላ ዋጋው በክፍያው ቀን ገበያ ይከለስ። አዋጁ በ2016 ሲሻሻል ካሳ የመክፈሉ ሸክም ይበልጥ ወደ ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች ዞሯል፤ በጀቱ ከየትም ይምጣ፣ ምትክ ቦታው ላይ ውሃ ሳይገባ ዶዘሩ አይነሳ። ይህን የምለው ለባለሥልጣን ብቻ አይደለም፣ በተለይ ለእናንተ ሜትር ለያዛችሁ ልጆቼ ነው። ረድፍ ባይኖረውም «አስተያየት» የምትል ባዶ ቦታ ከቅጹ ግርጌ አለች። እኔ በሥራ ዘመኔ አንድ ቀን ጽፌባት አላውቅም። ጻፉባት።

ለጋዜጣችሁ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። የመነሳት ትእዛዝ የደረሰው ሰው ለአቤቱታ ሰሚው አካል የሚያመለክተው በ30 ቀን ውስጥ እንደሆነ፣ በውሳኔው ቅር ከተሰኘም ለይግባኝ ሰሚው ጉባኤ ሌላ 30 ቀን እንዳለው፣ ከዚያም ፍርድ ቤት እንደሚኬድ በሣጥን አድርጋችሁ በየጊዜው አውጡልን። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ሥር ቡና በምንጠጣበት ቦታ ወረቀታቸውን ይዘው የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ መነጽሬን አድርጌ አነብላቸዋለሁ፣ ሒሳቡንም እንደገና እደምርላቸዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት እናት ከሻሽ ቋጠሮ ፈትተው ትእዛዙን ሰጡኝ። ቀኑን ቆጠርኩት። ሠላሳኛው ሰኞ ነበር። ማመልከቻውን እዚያው የሻይ ጠረጴዛ ላይ ጻፍነው፣ ሰኞ ጠዋትም ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ሲከፈት አብረን ቆመን ነበር።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የግንባታ ባለሙያ፣ ከድሬዳዋ