ለሐረሪ ክልል ጤና ቢሮ፦ የሥጋ ደዌ ታካሚ በእጅ ይመርመር

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

ሐረር ውስጥ ሥጋ ደዌ የተጠረጠረበት ሰው ጤና ተቋም ሲደርስ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሰማው «ቢሲዲሞ ሂድ» የሚለውን ነው። በባቢሌ መንገድ ያለው የቢሲዲሞ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ ተብሎ የተቋቋመ በመሆኑ፣ ሌላው ባለሙያ ጉዳዩን የራሱ አድርጎ ማየት ትቷል። ሪፈር መጻፉ ስሕተት አይደለም፤ ችግሩ ታካሚው ሳይነካ መጻፉ ነው።

በመዘግየቱ የሚጎዳው ነርቭ ነው። መድከም የጀመረ ነርቭ 6 ወር ሳይሞላው ከታከመ ብዙውን ጊዜ ያገግማል። ከዚያ ካለፈ ግን ጣት እንደታጠፈ ይቀራል፣ ዐይንም አልከደን ይላል። ታካሚው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ የማያሳክክና የማያም ቦታ ይዞ ነውና የጭርት ቅባት ተሰጥቶት ይመለሳል፤ አለዚያ «ለምጥ ነው» ይባላል። ለምጥ ቀለም ያጠፋል እንጂ ቆዳ አያደነዝዝም።

ልዩነቱን ለማወቅ የሾለ የጥጥ ጫፍ ይበቃል። በመጀመሪያ ታካሚው እያየ ጤነኛው ቆዳ ላይ ይነካና ምን እንደሚጠበቅበት ይረዳል። ከዚያ ዐይኑን ጨፍኖ የተነካበትን ቦታ በጣቱ ያሳያል። ጥጡ ይነካል እንጂ አይጎተትም፤ ከተጎተተ ያልደነዘዘው ዙሪያ ይሰማውና ምርመራው ያሳስታል። ቀጥሎ ከክርን ውስጠኛ አጥንት ጀርባ ያለው ነርቭና ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ያለው በጣት ይዳሰሳሉ፤ ግራና ቀኝ ይነጻጸራሉ። በመጨረሻም ዐይን አጥብቆ መጨፈን፣ ትንሿን ጣት ወደ ውጭ መዘርጋት፣ አውራ ጣትንና እግርን ወደ ላይ ማንሳት ይችል እንደሆነ ይታያል። የአብዛኛው ታካሚያችን ቋንቋ ኦሮምኛ ስለሆነ መመሪያው በዚያ ቋንቋ ካልተነገረው መልሱ አያስተማምንም።

መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል። ቆዳው ላይ እስከ 5 እንዲህ ያለ ቦታ ላለው 6 ወር፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ደግሞ 12 ወር ነው። ከመድኃኒቶቹ ሪፋምፒሲን የሚባለው በተዋጠበት ቀን ሽንት እንደሚቀላ፣ ክሎፋዚሚን የሚባለው ቆዳን እንደሚያጠቁር ካልተነገረ ሰው ይደነግጥና ያቋርጣል። ከሁሉ የከፋው ስሕተት የሚሠራው ግን ሪአክሽን፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ በበሽታው ላይ የሚያስነሳው ድንገተኛ ብግነት፣ ሲነሳ ነው። በቆዳ ላይ ያለው ቦታ አብጦ ይቀላል፣ ነርቭ ያማል፣ እጅ በድንገት ይዝላል። ባለሙያዎች ይህ የመድኃኒት አለርጂ ይመስላቸውና ኪኒኑን ያስቆማሉ። መቆም የለበትም፤ ብግነት የሚያበርደው ፕሬድኒሶሎን ይጨመርበታል፣ ለአዋቂ በብዛት ከ40 ሚሊ ግራም ተጀምሮ በወራት ውስጥ ቀስ እየተባለ ይቀነሳል። ቀድሞ ቲቢና ስኳር መኖራቸው ይጣራል።

የፍርሃቱም ምንጭ አለማወቅ ነው። በሽታው በንክኪ ብቻ አይተላለፍም፤ መተላለፊያው ካልታከመ ሰው ጋር ለረጅም ጊዜ ተቀራርቦ መኖር ነው፣ ያም ሆኖ አብዛኛው ሰው በተፈጥሮው ይቋቋመዋል። ሕክምና ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ መተላለፉ ይቆማል። ጣት የሚያጥረውም በሽታው ሥጋ በልቶት አይደለም። የደነዘዘ እጅ የጋለ ድስት ያነሳል፣ የደነዘዘ እግር ጫማ ውስጥ የገባ ጠጠር ይዞ ቀኑን ሙሉ ይሄዳል፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ አጥንቱ ይጎዳል። ከዓመታት በፊት የተፈወሰን ሰው የእግር ቁስል ለማጠብ የሚሸሽ ነርስ ይህን አልተማረም። ታካሚው ቤቱ ሲሄድም እግሩን በየቀኑ 20 ደቂቃ ያህል ውሃ ውስጥ እንዲዘፈዝፍ፣ የጠጠረውን ቆዳ እንዲሞርድ፣ ቅባት እንዲቀባ ሊነገረው ይገባል።

ስለዚህ በእያንዳንዱ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል የግማሽ ቀን የተግባር ሥልጠና እንድታዘጋጁ እንጠይቃለን፤ በስላይድ ሳይሆን ጥጥ ተይዞ፣ ሠልጣኞች የእርስ በርሳቸውን ክርን እየዳሰሱ። የካርድ ክፍል ሠራተኞች፣ ጥበቃዎችና የጽዳት ሠራተኞችም ይካተቱ፤ ታካሚውን ቀድመው የሚያገኙት እነሱ ናቸው፤ «ቆማጣ» የሚለው ቃልም ከእነሱ አፍ ከወጣ ሰውየው ካርድ ሳያወጣ ይመለሳል። በሪፈር ወረቀቱ ላይ ደግሞ የጥጡና የጡንቻው ምርመራ ውጤት የሚሞላበት መስመር ይጨመር፤ ባዶውን የመጣ ሪፈር ለላከው ተቋም ተመልሶ እንዲሞላ ይደረግ።

በሥጋ ደዌ ሕክምናና ተሃድሶ ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች
ሐረር